አንድ ነጥብ ደረት ላይ፣ አንድ ነጥብ ሰማይ ላይ

በዚህ ዕድሜዬ ከፊቴ ይልቅ ደረቴ ብዙ ጊዜ ፎቶ ተነስቷል። አትሳቁ፤ እናንተም ሪያድ ብትኖሩ ዕጣችሁ ይኸው ነበር። እዚህ ከተማ ፊታችንን አጥብቆ የሚፈልገው የለም። ለፓስፖርት አንድ ጊዜ፣ ለመኖሪያ ፈቃዳችን፣ ለኢቃማው፣ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ወዲያ በዒድ ቀን አዲስ ልብስ ለብሰን ከአንድ የገበያ አዳራሽ በር ላይ ቆመን ለአገር ቤት የምንልካት ፎቶ ብቻ ናት። ደረታችን ግን ተፈላጊ ነው። ገና ከአውሮፕላን እንደወረድን ራጅ ይነሳል፤ ከፊላችን፣ ማለትም በስሙ ያስመጣንና በስሙ የምንኖርበት አሠሪያችን፣ ሲቀየር ይነሳል፤ አንዳንዴም «ለማንኛውም» ተብሎ ይነሳል። እናቴ ወልዳ ያሳደገችውን ደረት የሪያድ ክሊኒክ ከእሷ የበለጠ ያውቀዋል።

ታዲያ ከፊሉን የማይፈራ፣ ፖሊስ የማይፈራ፣ አርባ ስምንት ዲግሪ ሙቀት የማይፈራ ስንቱ ጎበዝ ከራጁ መሣሪያ ፊት ሲቆም ያወቀውን ዱዓ ሁሉ ይደግማል። ምክንያቱም ሳንባው ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ከታየች ነገሩ ሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ሳንባ ነቀርሳ ከሆነ ደግሞ ኸሩጅ ነው፣ ሻንጣህን ይዘህ ላትመለስ ወደ አገርህ። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ በምንሰባሰብበት በፉጣ ሰፈር ለራጅ የሚሆን ራሱን የቻለ የሕክምና ትምህርት አለ። አንዱ ጥቁር አዝሙድ በማር ይላል፤ አንዱ ቀዝቃዛ ወተት በባዶ ሆድ ያዛል፤ አንዱ ደግሞ ትንፋሽህን ስትይዝ ልብህንም ያዘው ይላል፣ እንዴት እንደሚያዝ ግን አይነግርህም። አንድ ወንድማችን ሳል እንዳይቀሰቀስበት ብሎ ለሦስት ቀን መሳቅ አቆመ። ራጁን በሰላም አልፎ ሲወጣ ከበሩ ላይ የሦስት ቀኑን ሳቅ ለቀቀው፤ በሳል ሊሞት ነበር።

ዛሬ ግን የተነሳሁት ራጅን ለማማት አይደለም፣ ለማመስገን ነው። እንዴት ሆኖ ራጅ ይመሰገናል ትሉ ይሆናል። ቆዩኝ።

እኔ ሹፌር ነኝ፤ ስሜ ሰይድ ነው፤ አገሬ ወሎ። የምነዳላት ሴት ዶክቶራ ኖራ ትባላለች፣ ሳዑዲያዊት ናት፣ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ሴቶች እንዲነዱ የተፈቀደ ሰሞን እኛ ሹፌሮች «ኸላስ፣ እንጀራችን አለቀ» ብለን ተላቅሰን ነበር። ዶክቶራም መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ ሁለት ሳምንት ነዳች፤ ከዚያ ቁልፉን መለሰችልኝ። ስታስብ መንዳት አትችልም፣ ስትነዳ ማሰብ አትችልም፤ ከሁለቱ ደግሞ የማሰቡ ደመወዝ ይሻላል። ለዚህም አላህን አመሰግናለሁ።

የከዋክብት ተመራማሪ ናት ብለው ሲቀጥሩኝ በየምሽቱ በረሃ ለበረሃ ላመላልሳት ነው ብዬ ወፍራም ጃኬት ገዝቼ ነበር። ለእናቴ ስነግራት ደግሞ ጠንቋይ ቤት የተቀጠርኩ መስሏት «ልጄ፣ አላህን ፍራ፣ ከዚያ ቤት ውጣ» አለችኝ። ነገሩ ሌላ ሆነ። ዶክቶራ እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ገብታ ከሰዓት በኋላ ትወጣለች፤ ማታ ማታ ትተኛለች፤ አንድም ቀን ቀና ብላ ሰማይ ስታይ አላየኋትም። የምታየው ኮምፒውተር ነው። ጃኬቱ እስካሁን ሻንጣዬ ውስጥ አለ።

ቀስ በቀስ ሥራዋ ገባኝ። አስተማሪዬ ዶክቶራ ስትሆን ትምህርት ቤቴ የንጉሥ ፋህድ መንገድ መጨናነቅ ነው፤ ከዑለያ ፎቆች ሥር መኪና ሲቆም ማውራት እንጂ ሌላ ምን አለ? እሷ ከኋላ ወንበር ሆና እንዲህ አለችኝ፦

«ሰይድ፣ እኔ የሰማይ ራጅ ነው የማነበው።»

ሰማይም ራጅ ይነሳል ማለት ነው። እንዲያውም ከእኛ በባሰ ወረፋ። ከሩቅ የሚመጣውን ራጅ ይህ የምንተነፍሰው አየር ይውጠዋል፤ ወደ መሬት አያወርደውም። ስለዚህ ማያው መሣሪያ ከአየሩ በላይ ወጥቶ በጠፈር ይዞራል። የዓለም ሊቃውንት ሁሉ «ለእኔ ይህቺን ቦታ እይልኝ» እያሉ ማመልከቻ ያስገባሉ፤ ተራቸው እስኪደርስ ወራት ይጠብቃሉ፤ ሲደርስም የሚሰጣቸው ጥቂት ሰዓት ነው። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ወረቀት አስገብቶ መጠበቅ የኢቃማ ዕዳ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የምታየው ነገር ኩዌዛር ይባላል። በዓለም ዳርቻ ያለ የአንድ ጋላክሲ እምብርት ነው፤ እምብርቱ ላይ እንደ ቢሊዮን ፀሐይ የሚከብድ ጥቁር ጉድጓድ ተቀምጧል። ጉድጓዱ ራሱ አይታይም፤ ብርሃን እንኳ ከገባበት አይወጣም።

«ታዲያ የማይታየውን እንዴት ያዩታል?» አልኳት።

«ሊውጠው የተቃረበው ነገር ዙሪያውን ይራወጣል፤ ሲራወጥ ይግላል፤ ሲግል ራጅ ይረጫል። የማየው ያንን ነው።»

ይኼስ ገባኝ። ባለቤቱን አንድም ቀን አይተነው የማናውቀው ቤት አለ፤ ግን በሩ ላይ የሚራወጠውን ዘበኛ፣ ሹፌርና አትክልተኛ አይተን ውስጥ ያለው ሰው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እንገምታለን።

እሷን እንቅልፍ የሚነሳት ግን ሌላ ነው። ብርሃኑ ከዚያ የተነሳው ይህች መሬት ራሷ ሳትኖር ነው፤ ዓለም ገና ጨቅላ ሳለች። ያን ጊዜ ይህን የሚያህል ጉድጓድ ከየት መጣ? መቼ በልቶ መቼ ገዘፈ? «ዶክቶራ፣ በልጅነቱ እንዲህ የወፈረ ዘመድ አለው ማለት ነው፤ የሚያበላው» አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቆመችና «ጥያቄው በትክክል እሱ ነው፤ ማን አበላው?» አለች። ያን ቀን በራሴ ኮርቼ ዋልኩ።

አንድ ቀን ደግሞ ለመሆኑ ከዚያ ሁሉ ርቀት ስንት ብርሃን ደረሰልዎት ብዬ ጠየቅኋት።

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ ምን?»

«አሥራ አንድ ቅንጣት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጥሬያቸዋለሁ።»

ከፊቴ ያለውን መኪና ልገጨው ምንም አልቀረኝ። የአራት ዓመት ልፋት ለአሥራ አንድ ቅንጣት! በሆዴ «የሞላለት ሰው ሥራ» አልኩ፤ ይኸው አሁን አፉ በሉኝ። እሷ ግን ቀጠለች። አሥራ አንድ ቅንጣት በአጋጣሚም ሊሰበሰብ ይችላል፤ ስለዚህ አፏን ሞልታ «ነጥብ አለ» አላለችም፤ «የለም»ም አላለችም። ዳግመኛ እንዲታይላት አመልክታ ስምንት ወር ሆኗታል። «አንድ ጊዜ አይቼ አልፈርድም» አለች። ይህቺን ቃል ያዙልኝ።

አሁን ወደ ዘይነባ ልውሰዳችሁ።

ዘይነባ የሐይቅ ልጅ ናት። ከኔ በጥቂት ዓመት ትበልጣለች፤ በዚያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ኖራለች። የመጣችው የዶክቶራን እናት ልታስታምም ነበር፤ አስታመመች፣ አጠበች፣ አበላች፣ ዐይናቸውን እስከጨፈነችላቸው ድረስ። የዶክቶራን ሁለት ሴት ልጆችም አዝላ ያሳደገቻቸው እሷ ናት፤ ይኸው ዛሬ በወሎ አነጋገር «ኧረ ባላህ» ይላሉ። ከኔ ጋር ግን ብዙም አናወራም ነበር። ከኋላ ወንበር ገብታ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ መንገዱን በዝምታ ታያለች። እኔ ኩራት ይመስለኝ ነበር።

የልቧ ሐሳብ አንድ ነበር። ሌላ አንድ ዓመት ሠርታ ልትሄድ። አገር ቤት ያለች ልጇ ታጭታለች፤ ኒካሁ እሷ ስትደርስ ነው። «እኔ ስሄድ ስሜን ይዤ ነው የምሄድ» ትል ነበር፤ «ፖሊስ ሸኝቶኝ ሳይሆን ልጆቹ አልቅሰውብኝ።» ሪያድ ላይ ይህ ትልቅ ምኞት ነው። ከዚህ አገር መሄድ ቀላል ነው፤ በየቀኑ ሰው ይሄዳል። በራስ እግር መሄድ ነው የሚከብደው።

ከፊሏ እናትየዋ ነበሩ። እሳቸው ሲያርፉ ወረቀቷ ወደ ዶክቶራ ስም መዛወር ነበረበት፤ ለዝውውሩ ደግሞ አዲስ ምርመራ፣ ለምርመራው ራጅ። ከዒድ ማግስት እኔው ራሴ ወደ ሱለይ አቅጣጫ ካለ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ከመጋዘኖቹና ከጋራዦቹ በአውቶቡስ የመጡ ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ በኩል ተሰልፈዋል። ገባች፣ ወጣች፣ ወደ ቤት ተመለስን። በሦስተኛው ቀን ውጤቱን ውሰድ ተባልኩ። ጸሐፊው አንድ ወረቀትና አንድ ሲዲ ሰጠኝ፤ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ እንዲህ አለ፦

«የቀኝ ሳንባዋ ጫፍ ላይ ነጥብ አለ። ከፊሏ በሳምንት ውስጥ ትምጣ። ካልሆነ ኸሩጅ።»

ለዘይነባ የነገርኳት ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከሱፐርማርኬት ወጥተን መኪና ውስጥ ስንገባ ነው። ጮኻ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። የገዛችውን እርጎ ጭኗ ላይ እንደያዘች «ዛሬ ጠዋት ልጆቹን ስሜያቸዋለሁ» አለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ይህን ስትል ግራ እጄ መስኮቱን ከፈተው። ልብ በሉ፤ ውጭው ይጋገራል፣ የመኪናው ማቀዝቀዣ እየሠራ ነው፣ እኔ ግን መስኮት ከፈትኩ። እኔ አላዘዝኩትም፣ እጄ ነው። እጅ ግን የሰው ነው። ዘይነባ በመስታወቱ አየችኝ። የሻሿን ጫፍ ስባ አፏን ሸፈነች፣ ለኔ ብላ። አሥራ ሦስት ዓመት ሪያድ ስኖር እንደዚያች ደቂቃ ያፈርኩበት ቀን የለም።

«ወንድሜ፣» አለች ከሻሹ ሥር፣ «ለዶክቶራ አትንገርብኝ። ልጆች ያሉበት ቤት ነው፤ አንድ ሌሊት አታሳድረኝም። እውነቷን ነው፣ እኔም ብሆን አላሳድርም። ዓርብ ፉጣ አድርሰኝ፤ የአክስቴ ልጅ አለች፣ ትደብቀኛለች።»

መጥፋት ማለቷ ነው። ከከፊሉ ቤት የጠፋ ሰው ኢቃማው ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ የበር ደወል በጮኸ ቁጥር ልቡ ይቆማል፤ የታመመ እንደሆነ ሐኪም ቤት አይሄድም፤ አንድ ቀን መንገድ ላይ ይያዛል፤ ያን ጊዜ የሚሄደው ስሙን ይዞ አይደለም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን አጽናናኋት? መከርኳት? «እሺ፣ ዓርብ» አልኩ። ወረቀቱንና ሲዲውን ከመኪናው ኪስ ውስጥ ከሶፍት ካርቶን ሥር ደበቅኋቸው።

ሁለት ቀን እንዲያ አለፈ። ዘይነባ ዕቃዋን ከልጆቹ ዕቃ ለየች፤ ሳህኗ ብቻዋን፣ ብርጭቆዋ ብቻዋን። ልጆቹ ሊያቅፏት ሲመጡ «እጄ ሳሙና ነው» ትላለች። ትንሿ «ዘይነባ ተቆጥታኛለች» ብላ መኪና ውስጥ አለቀሰች። እኔ መንገዴን አያለሁ።

ሐሙስ ዕለት ዶክቶራን ወደ ሥራ ስወስዳት ከወትሮው ዝም ብላለች። ምነው ብላት የሁለተኛው ዕይታ ውጤት በሚቀጥለው እሑድ ይደርሳል አለችኝ። ፈርታለች። ነጥቡ ድጋሚ ካልታየ አራት ዓመቷ ሄደ ማለት ነው።

«ለመሆኑ» አልኳት፣ እኔም ለራሴ ጉዳይ፣ «መጀመሪያ የታየው ነጥብ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል?»

«በጣም እንጂ! መሀል ላይ የሚቆመው ብዙ ነው። የራሳችን ጋላክሲ ጋዝ አለ፣ ከሌላ አቅጣጫ ተሳስቶ የሚገባ ቅንጣት አለ፣ የመሣሪያው የራሱ ጉድፍ አለ። የኔ ሥራ ግማሹ እሱ ነው፤ ከሩቁ ነገር በፊት በኔና በእሱ መሀል የቆመውን መጠየቅ።»

መኪናውን ዳር አስያዝኩ። ኋላ ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ነፋብኝ፤ ይንፋ። ኪሱን ከፈትኩ፣ የሶፍቱን ካርቶን አነሳሁ፣ ወረቀቱንና ሲዲውን ሰጠኋት።

አነበበች። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሁለት ነገር እጠብቃለሁ፤ አንደኛ ለምን ደበቅከኝ፣ ሁለተኛ ልጆቼ! ፊቷ ቀላ።

«ስንት ጊዜ ነው ያነሷት?» አለች።

«አንድ ጊዜ።»

«አንድ ጊዜ?!» መኪናው ውስጥ ጮኸች። «አሥራ አንድ ዓመት እናቴን የተሸከመች ሴት፣ በአንድ ጊዜ? መልሰኝ፣ ያላ፣ ወደ ቤት መልሰኝ!»

ወላሂ፣ ያን ጊዜ የአሥራ አንዱ ቅንጣት ነገር ገባኝ።

ቤት ገብተን ዶክቶራ ሲዲውን ኮምፒውተሯ ውስጥ ከተተችው። ስትሠራበት የነበረው የሰማይ ሥዕል ሳይጠፋ ጎን ለጎን ሆኑ፤ በግራ ጥቁር ሰማይ፣ መሀሉ ላይ ከቁም ነገር የማትቆጠር ነጥብ፤ በቀኝ የዘይነባ የጎድን አጥንቶችና ከቀኝ ትከሻዋ በታች ነጣ ያለ ነገር። ዘይነባ ተጠርታ መጣች። በሩ ላይ ቆመች፤ አልገባም አለች። አፏን ሸፍናለች። ወረቀቱን ስታይ ወደኔ ዞረች፤ ያየችኝን አስተያየት አልነግራችሁም።

«ግቢ» አለቻት ዶክቶራ። «እኔ ዶክተር ይሉኛል እንጂ ጉንፋን እንኳ አላክምም። ስለ ሳንባ የማውቀው የለኝም። ግን ንገሪኝ፤ ክፍሉ ውስጥ ምን አሉሽ? አንድ በአንድ።»

ዘይነባ አሥራ አንድ ዓመት የተናገረችው ዐረብኛ ጠፋባት። በአማርኛ ለኔ ትነግረኛለች፣ እኔ አስተረጉማለሁ። የሚያነሳው ወንድ ነበር፤ ከመስታወት ወዲያ ሆኖ በድምፅ ማጉያ ነው የሚያዘው። ጋውን ልበሺ አላት፣ ለበሰች። ብረት የሆነ ነገር በሙሉ አውልቂ አላት፣ አወለቀች። ደረትሽን አስጠጊ፣ ተንፍሺ፣ ያዥ፤ ያዘች።

«ምን ብረት ነበረሽ?» አለች ዶክቶራ። «ሐብል?»

«የለኝም።»

«ጉትቻ?»

«እሱንም ቤት አስቀምጬ ነው የሄድኩ።»

«ታዲያ ምኑን ነው ያወለቅሽው?»

ዘይነባ እኔን አየች፣ መሬቱን አየች። ዶክቶራ ነቃች። «ሰይድ፣ ውጣና በሩን ዝጋ» አለችኝ።

እንግዲህ የዚህን ታሪክ ዋናውን ክፍል እኔ አላየሁትም። ከበሩ ውጭ ቆሜ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ነበር። መጀመሪያ የአንድ ነገር ኮሽታ። ከዚያ ዶክቶራ «ያ ረቢ!» አለች። ከዚያ ሳቅ፤ አንድ ሴት፣ ከዚያ ሁለት ሴት። የሁለተኛዋ ሳቅ መሀሉ ላይ ወደ ልቅሶ ሄዶ እንደገና ተመለሰ። ዘይነባ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

በኋላ እንደነገሩኝ ነገሩ እንዲህ ነው። ዘይነባ ለዒድ ሹሩባ ተሠርታለች፤ አገር ቤት እንደሚሠራው በወፍራም ጥቁር የሱፍ ክር ተቀላቅሎ፣ ጫፉ በጎማ ተቋጥሮ። ያን የሚያህል ሹሩባ ከሻሹ ሥር ከአናቷ ላይ ጠቅልላ በስድስት የብረት ማስያዣ ወጥራ ይዛዋለች። ሰውየው ብረት ሲላት ስድስቱንም ነቀለች። እሺ ይበልጣል ከሺ ብለው ነው ያሳደጉን፤ ብረት ካሉን ብረት ነው፣ ለምን አንልም። ማስያዣው ሲነቀል ሹሩባው ወረደ። ጸጉሯ ለባዕድ ወንድ ሊታይ ነው ብላ ደነገጠችና ሰብስባ በቀኝ ትከሻዋ አዙራ ከጋውኑ ውስጥ፣ ከደረቷ ላይ፣ ወሸቀችው። ከዚያ እንደታዘዘችው ትንፋሽዋን ያዘች። ሳንባዋ ላይ ነጥብ ሆኖ የታየው ያ ሹሩባ ነው። ሰውየው ሻሽዋን አያስወልቃትም፣ ጸጉርሽ የት አለ ብሎም አይጠይቃትም፤ ነውር ነው። እሷም አትነግረውም፤ ነውር ነው። በሁለቱ ጨዋነት መሀል አንድ ሳንባ ሊቃጠል ነበር።

ዶክቶራ የዚያኑ ቀን ሥራዋን ሰርዛ አብራን ክሊኒኩ ሄደች። ዳግመኛ ይነሳ አለች። ጸሐፊው አንድ ጊዜ ተነስቷል እኮ አለ። «እኔ ለማላውቀው ጉድጓድ ሁለት ጊዜ አስነስቻለሁ፤ ለማውቃት ሴት አይነፍጉኝም» አለችው። ምን እንዳለችው እንዳልገባው ከፊቱ ያስታውቃል፤ ግን አንዲት ሴት ባለሙያ ተጠራች። ዶክቶራ የዘይነባን ሹሩባ በገዛ እጇ ከአናቷ ላይ ጠቅልላ በጨርቅ አሰረችላት። የእናቷን ጸጉር ስታበጥር የኖረችው ዘይነባ ነበረች፤ ያን ቀን ተራው ተገለበጠ።

ሳንባዋ ንጹሕ ነው። ሐኪሙ ሁለቱን ሥዕሎች አስተያየና ትከሻውን ነቀነቀ፤ «ማፊ ሙሽኪላ» አለ፣ ምንም ችግር የለም። በዚህች ሁለት ቃል አንዲት ሴት ወደ ሰውነቷ ተመለሰች። ዘይነባ ከበሩ እንደወጣች ከመኪና ማቆሚያው አስፋልት ላይ፣ በዚያ ቃጠሎ፣ ሱጁድ ወረደች። ግንባሯ ላይ የአስፋልቱ ጠጠር ታትሞ ተነሳች። ቤት ስትገባ ትንሿ ልጅ እየሮጠች መጣች፤ የእጅ ሳሙናው ነገር በዚያው ቀረ።

ዘይነባ የሰው ዕዳ አትወድም። ዶክቶራ ለምን እንደፈራች ከኔ አጣርታ ሰማችና ከዚያች ቀን ጀምሮ ለሰማዩ ነጥብ ዱዓ ያዘች። ዱዓዋን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ «ያ አላህ፣ የኔን ነጥብ እንዳጠፋህ የሷን ነጥብ አጽናላት!» እሑድ ከሰዓት በኋላ ዶክቶራ ከመሥሪያ ቤቷ ስትወጣ ቦርሳዋን ክፍት አድርጋ፣ በመሮጥና በመራመድ መሀል ሆና መጣች። ወንበሩ ላይ ሳትደላደል «አለ፣ ሰይድ!» አለችኝ። «ነጥቡ አለ። እዚያው ቦታ ላይ አለ።» ከዚያ አለቀሰች። እኔም፣ ምን እንደሆነ እንኳ በቅጡ ለማላውቀው ነገር፣ ከዑለያ እስከ ቤት ዐይኔ እንደረጠበ ነዳሁ።

እስቲ ፍረዱ። በአንድ ቤት፣ በአንድ ሳምንት፣ አንዲት ነጥብ ጠፋች ብለን አልሐምዱሊላህ አልን፤ አንዲት ነጥብ አልጠፋችም ብለን አልሐምዱሊላህ አልን። የጠፋችው ከጋውን ሥር ነበረች፤ ያልጠፋችው መሬት ሳትፈጠር የተነሳች ናት። ሁለቱንም የፈታው ያው አንድ ነገር ነው፤ ደግሞ ማየት። እኔ የሞላለት ሰው ሥራ ያልኩት ሥራ ባይኖር ዘይነባ ዛሬ ፉጣ ውስጥ ከአንድ በር ኋላ ቆማ የደወል ድምፅ ታዳምጥ ነበር። ስለዚህ እዚያ ዳርቻ ላለው፣ ማን እንዳበላው ላልታወቀው ጉድጓድ ምስጋናዬ ይድረሰው። የሚደርሰው ስንት ዓመት ቆይቶ እንደሆነ ዶክቶራ ታስላልኛለች።

የቀረችኝ የመስኮቷ ነገር ነበረች። ይቅርታ ልጠይቅ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። በሳምንቱ ገበያ ልወስዳት ዘይነባ መኪና ውስጥ ገባች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ኩራቷን ትታ፣ ወይም እኔ ኩራት ያልኩትን ትታ፣ ፊት ለፊት በመስታወቱ እያየችኝ «ሰይዶ» አለችኝ። ማቀዝቀዣው እየሠራ ነው፤ ውጭው ይጋገራል። እጇን ዘርግታ በእሷ በኩል ያለውን መስኮት ከላይ እስከ ታች አወረደችው።

«ምነው እህቴ፣ በዚህ ሙቀት?» አልኳት።

«የኔን ደረት አገር አይቶታል» አለች፣ ሻሿን አፏ ላይ እየሳበች። «ያንተን ግን እስካሁን አላየሁትም።»

እውነቷን ነው። የኔ ምርመራ የሚመጣው ወር ነው። ለዶክቶራ ከአሁኑ ነግሬያታለሁ፤ ሁለት ጊዜ ይነሳል ብላለች።